የቆላ ዛፍ ችግኝ እንዴት ይፈላል? ከጎንደር ግቢ እስከ መተማ መሬት

ጎንደር ውስጥ ችግኝ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ ነው። አዘዞን ለቅቃችሁ፣ አይከልን አልፋችሁ ወደ ገንዳ ውሃ ስትወርዱ ግን አገሩ ሌላ ነው። ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከዚያ በኋላ ለወራት ጠብ አይልም። አብዛኛው ዛፍም ቅጠሉን አራግፎ ክረምትን ይጠብቃል። ግራሩ፣ ሁመሩ፣ ገባው፣ የእጣን ዛፉ፣ ሽመሉ፣ ቋራ በኩል ደግሞ ግንደ ወፍራሙ ባኦባብ፣ ሁሉም ለዚህ ኑሮ የተሠሩ ናቸው። ደኑ ግን በሰሊጥና በጥጥ እርሻ፣ በከሰልና በእሳት እየሳሳ ነው።

ይህን የምጽፈው ቆላ ላይ መሬት ወይም ዘመድ ኖሮት፣ ኑሮው ግን ጎንደር ለሆነ ሰው ነው። ችግኙን ጎንደር ላይ አፍልቶ ክረምት ሲገባ ይዞ መውረድ ይቻላል። እዚህ ውሃ አለ፣ ፍየል የለም። ውሃ አለ ስል በፈረቃ የሚመጣውን ማለቴ ነው። አንድ በርሜል ሞልታችሁ አስቀምጡ።

ኒም እንዳትተክሉ አልልም፤ ጥላው ጥሩ ነው፤ የቆላ ከተሞችም ይወዱታል። ግን የመጣው ከደቡብ እስያ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ አገሩ ዛፍ ነው።

ዘር መልቀም

የግራር ፍሬ ከኅዳር ጀምሮ ይደርቃል። ዛፍ ላይ እያለ ልቀሙት፤ መሬት የወደቀውን ፍየልና ነቀዝ ይቀድሟችኋል። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። እርስ በርስ ከተራራቁ ብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። ዘሩ የሚተከልበት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የደጋ ግራር ዘር ወስዶ ገንዳ ውሃ መትከል ድካም ነው።

አንድ አቋራጭ አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። የፍየል በረት ሂዱና በጠጡ ውስጥ ፈልጉ። ፍየል የግራር ፍሬ ትበላለች፣ ከዘሩ የተወሰነው ሳይፈጭ ይወጣል። በሆዷ ሲያልፍ ጠንካራው ቅርፊት ይለሰልሳል። ቀጥሎ የምነግራችሁን የሙቅ ውሃ ጣጣ ግማሹን እሷ ሠርታላችኋለች።

የለቀማችሁትን በጨርቅ ከረጢት ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በላስቲክ ቋጥራችሁ አታፍኑት፣ ይሻግታል። ከመዝራታችሁ በፊት ዘሩን ሳህን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ክብ ቀዳዳ ያለውን ጣሉት፤ ነቀዝ ጨርሶታል። የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ እሱንም ድፉት።

ዘሩን መቀስቀስ

ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ነው። የግራርን ዘር እንደ ሽምብራ አፈር ውስጥ ከትቶ ውሃ ያጠጣል፣ ይጠብቃል፣ ምንም የለም። «ዘሩ አይበቅልም» ይላል። ይበቅላል፤ ግን ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም። ዛፉ ይህን ያደረገው አውቆ ነው። አንድ ያለ ጊዜው የዘነበ ዝናብ ዘሩን ሁሉ ቢያበቅለው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ሁሉንም ይጨርሳቸው ነበር። ስለዚህ ጥቂቱ ዘንድሮ፣ ጥቂቱ ከርሞ፣ ጥቂቱ ከዓመታት በኋላ ይነሳል። እናንተ ግን ለሐምሌ ነው የምትፈልጉት። ቅርፊቱን መክፈት አለባችሁ።

ሙቅ ውሃ ቀላሉ መንገድ ነው። ዘሩን ወፍራም ሳህን ወይም ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ለአንድ እጅ ዘር አሥር እጅ ያህል ውሃ አፍሉ። ሲንተከተክ ከእሳት አውርዱትና ዘሩ ላይ አፍስሱት። ዘሩን እሳት ላይ ካለው ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ያ ቅቅል ነው። ከዚያ ሳትነኩት እስኪቀዘቅዝ ተዉት፣ እዚያው ይደር።

«ውሃው ከፈላ በኋላ ደቂቃዎች ጠብቁ» የሚል መመሪያ ታገኛላችሁ። ጎንደር ላይ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 አካባቢ ነው። መንተክተኩ ጸጥ እስኪል ይበቃል። ያንኑ ሥራ ገንዳ ውሃ ላይ ብትሠሩት ውሃው የሚፈላው ከዚህ ሞቅ ብሎ ነው፤ እዚያ ትንሽ ታገሡ።

ጠዋት ሳህኑን ስታዩ ዘሩ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይጠብቃችኋል። አንዳንዱ አብጦ እጥፍ አክሏል፣ ሲነኩት ይለሰልሳል። ሌላው እንደ ትናንቱ ነው። ያበጠውን በዚያው ቀን ዝሩት፤ ከደረቀ ይሞታል። ያላበጠውን ሙቅ ውሃ ድገሙለት። ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳታፈስሱበት ግን። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ሞክሩ። የግራር ዓይነት ብዙ ነው፤ የአንዱ ቅርፊት ከሌላው ይሳሳል። የሳሳውን ሙቅ ውሃ ይገድለዋል።

ዘሩ ጥቂት ከሆነ ሙቅ ውሃውን ተዉትና ጥፍር መቁረጫ አምጡ። እኔ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ። ዘሩን በጣታችሁ ያዙ። ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ትንሽ ነጥብ ፈልጉ። ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ አትንኩት። ከሱ በተቃራኒው ጫፍ ቅርፊቱን ብቻ ላጥ አድርጉ። ነጣ ያለው ውስጡ ሲታይ አቁሙ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። አሰልቺ ነው፣ ግን ልጆች ቡና እስኪፈላ ብዙ ይሠሩላችኋል።

የባትሪ አሲድ የሚመክር ሰው አይጠፋም። በላብራቶሪ ውስጥ በአሲድ የሚሠራ ዘዴ እንዳለ እውነት ነው። ቤት ውስጥ ግን ልጅ ባለበት ግቢ፣ በፈረቃ ውሃ፣ ለጥቂት ችግኝ ሲባል? ይቅርባችሁ።

ሁመር ይህን ሁሉ አይፈልግም። ሱዳኖች ዓረዴብ የሚሉት ኮምጣጣው ፍሬ ነው። ሥጋውን አጥባችሁ ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ገባ ወይም ቁርቁራ የሚባለው ደግሞ ዘሩ ድንጋይ በመሰለ ፍሬ ውስጥ ተደብቋል። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ሰንጥቁና ዘሩን አውጡት። ሳይሰነጠቅ የተዘራ ገባ ሳምንታት ያስጠብቃል።

አፈርና ፕላስቲክ

ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የአካባቢ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ድብልቅ ነው የሚሠሩት። ከትልቅ ግራር ሥር የወሰዳችሁትን እፍኝ አፈር ጨምሩበት። ግራር እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ከሚሰጡት ባክቴሪያዎች ጋር ይኖራል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ከዚያ አፈር ጋር ይመጣሉ።

የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ዝሩ። ከዚያ በፊት የጎንደር ሌሊት ለቆላ ዛፍ ይበርዳል። በእያንዳንዱ ፕላስቲክ ሁለት ዘር፣ የዘሩን ውፍረት እጥፍ ያህል ጥልቀት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት፣ አትንቀሉት። ከላይ ስስ የሳር ዳስ ይኑረው። ውሃ ጠዋት ጠዋት። ሲበዛ የችግኙ አንገት ይቀጥንና ይወድቃል።

ሥሩ

የቆላ ዛፍ ሥራውን የሚጀምረው ከታች ነው። ግራር ላዩ ጣት ሳያህል ሥሩ ክንድ ያህል ሊወርድ ይችላል። የዝናቡ ወቅት አጭር ነው፤ መስከረም ሳያልቅ እርጥበት ያለበት ጥልቀት ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ችግኝ ስትመርጡ በቁመት አትለኩ።

አንድ ጊዜ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ረዣዥምና ለምለም ግራር ገዝቼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አማረበት። በበጋው ደረቀ። ቆፍሬ ሳየው ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደነበረ ተጠቅልሎ ቀርቷል፣ አንድም ወደታች የወረደ የለም። አንዴ የተጠቀለለ ዋና ሥር ቢተክሉት አይቃናም። ቢተርፍ እንኳ አድጎ በንፋስ ይገነደሳል። እንዳትሸወዱ፣ ስትገዙ አንዱን ፕላስቲክ ቀድዳችሁ ሥሩን እዩ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ራሳችሁ ስታፈሉ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጥልቅ ዕቃ። ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የችግኝ ፕላስቲክ ፈልጉ። ካጣችሁ ሁለት ሊትሩ ሃይላንድ አለ፤ አንገቱንና ቂጡን ቆርጣችሁ ቱቦ አድርጉት።

ሁለተኛው ሥሩን መግረዝ ነው። ፕላስቲኩ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ቀድዶ ወደ ግቢው አፈር ይገባል። ሐምሌ ላይ ስታነሱት ይበጠስና ችግኙ ይደነግጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንሱትና የወጣውን ሥር በምላጭ ቁረጡት። ከዚያ ውሃ አጠጡት፣ ለቀናት ጥላ ይሁንለት። የመጨረሻውን የሥር ግረዛ ከመትከል ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። ሥራ የሚጠላ ሰው፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ፕላስቲኮቹን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ ይደርድራቸው። የሥሩ ጫፍ ከታች አየር ሲያገኘው ደርቆ ይቆማል፣ ከጎን ሌሎች ሥሮች ይወጣሉ። ምላጭም አያስፈልግ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዳሱን አንሱ። ውሃውንም ቀንሱ፣ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ጠውለግ ቢል አትደንግጡ፣ ማታ ከተነሳ ደህና ነው። ተሞላቅቆ የወረደ ችግኝ ቆላ አይችልም።

መትከል

ጉድጓዱን ቀድማችሁ አስቆፍሩ። አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ትከሉ። ነሐሴ ዘግይቷል፣ ሥሩ ለመውረድ ጊዜ ያጣል። ፕላስቲኩን ማውጣት ሳይነገር የሚታወቅ ነበር፤ ግን በዘመቻ ተከላ ላይ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስላየሁ ነው።

ዋልካ አፈር ከሆነ ውሃ ይተኛበታል። ትንሽ ጉብታ ሠርታችሁ ጉብታው ላይ ትከሉ። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን ሥሩለት፣ ውሃውን ይይዝለታል።

በእሾህ እጠሩ። ኅዳር ላይ ሳሩ ሲደርቅ በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል መሬቱን ሙልጭ አድርጋችሁ መንጥሩ። ይህን በስልክ «እሺ» ተብላችሁ ብቻ አትለፉት። የቆላ እሳት በየዓመቱ ይመጣል። አጎቴ እዚያው ነዋሪ ናቸው። «ልጄ፣ ፍየሏን አባርራታለሁ፣ እሳቱን ግን ማን ያባርረዋል?» ይሉኛል። የሚያባርረው ያ የተመነጠረ መሬት ነው።

ጥር ላይ ሄዳችሁ ደረቅ እንጨት ብታገኙ ቶሎ አትንቀሉት። ግንዱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ቡናማ ቢሆንም ሥሩ ሊነሳ ስለሚችል እስከ ሰኔ ታገሡት።

ስለ እጣን ዛፍ

የሚጠይቁኝ ብዙ ስለሆኑ ነው። የእጣን ዘር ሙቅ ውሃ አትንኩበት፣ አያስፈልገውም። መብቀሉ ሳይሆን ማደጉ ነው ችግሩ። ቡቃያው በየበጋው እስከ ሥሩ ይሞትና በክረምት እንደገና ይወጣል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይፈጃል። በዚያ መሃል ከብት ከበላው ወይም እሳት ካገኘው አለቀ። መተማ አካባቢ የተጠናና እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የወጣ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የእጣን ምርቱ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ትልልቆቹን የሚተካ ወጣት ዛፍ ጠፍቷል ማለት ነው። ከችግኝ ይልቅ በበጋ፣ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት፣ ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሞከራል። ካለ ግን ከሁሉ በፊት በራሱ የበቀለውን አጥር አጥሩለት።

በቀጥታ መዝራት

ለግራር ብቻ ከሆነ ችግኝ ማፍላቱን ጨርሶ መተው ይቻላል። ሥሩ የሚጠቀለልበት ፕላስቲክ የለም፣ የመኪና ኪራይም የለም። ሐምሌ ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ዘር ጣሉ። ሁለቱ በሙቅ ውሃ የተቀሰቀሱ፣ ሁለቱ እንዳሉ ይሁኑ። ከዘራችሁ በኋላ ዝናቡ ለሳምንት ቢጠፋና የበቀሉት ቢሞቱ፣ የተኙት ይቀሩላችኋል። በየጉድጓዱ ዙሪያ ሦስት ድንጋይ አስቀምጡ፤ ሰሊጥ የሚያርሙት ሰዎች ቡቃያውን ከአረም ጋር እንዳይነቅሉት።