የጋፒ ጫጩቶች እያለቁባችሁ ነው? መስታወቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ሃይድራ ሊሆን ይችላል

ጋፒዋ (ትንሿ የአኳሪየም ዓሳ) ወልዳ ማታ ሃያ ምናምን የነበሩት ጫጩቶች ጠዋት ስምንት፣ በነጋታው ሶስት ሆነው ካገኛችኋቸው መጀመሪያ የምትጠረጠረው እናትየዋ ናት፣ እውነትም ጋፒ የራሷን ልጅ ትበላለች። እናትየዋን ለይታችሁም ማለቃቸው ካልቆመ ግን ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ መብራት ከጎን እያበራችሁ መስታወቱን እዩት። እኔ ሁለት ዙር ጫጩት ካለቀብኝ በኋላ ነው ያየሁት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የምትፈልጉት ነገር እንደ ክር ቀጭን ነው፣ ነጭ ወይ ቡናማ ወይ አረንጓዴ ሆኖ ቁመቱ ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። አንዱ ጫፍ መስታወቱ ወይ ቅጠሉ ላይ ተጣብቋል፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ እንደ ፀጉር የሚንሳፈፉ ቀጫጭን እጆች አሉት። በስቴኪኒ ነካ አድርጉት፣ ወዲያው ተሰብስቦ ነጥብ ካከለ ሃይድራ ነው። ካልተሰበሰበና ጠፍጣፋ ሆኖ ጭንቅላቱ እንደ ቀስት ሾሎ መስታወቱ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ፕላናሪያ የሚባል ትል ነው፣ ደግነቱ ከታች የምነግራችሁ መድኃኒት ለሱም ይሰራል።

ሃይድራ የባህር አኒሞን ዘመድ ነው። የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች አይፕታሲያ በምትባል አኒሞን የሚሰቃዩትን ያህል እኛ የጨው አልባ ውሃ ሰዎች በዚህ እንሰቃያለን። እጆቹ ላይ የሚናደፉ ጥቃቅን ሴሎች አሉ፣ ትልቅ ዓሳ አይጎዱም፣ ገና የተወለደ ጫጩት ግን ያደነዝዙትና ይዋጣል።

ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ሳር ጋር። ጅማ ውስጥ የአኳሪየም ተክል እንደልብ ስለማይገኝ ብዙዎቻችን ቦዬ ረግረግ ወይ አንዱ ኩሬ ሄደን ነው የምናመጣው፣ ሃይድራውም ቅጠሉ ላይ ተሰብስቦ ስለሚመጣ በዓይን አይታይም። (ሳር ልትለቅሙ ስትሄዱ እባካችሁ በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ የረጋ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ ይይዛል።)

ግን አንድ ሁለት ሃይድራ መግባቱ ብቻ ችግር አይሆንም፣ መቶ የሚያደርገው ምግብ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ለጫጩት የሚሆን ምግብ ስናጣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል እንበጠብጣለን፣ ዳቦ እንፈረፍራለን፣ የተረፈው ታች ይወርድና ይበሰብሳል፣ እሱን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይራባሉ፣ ሃይድራው ደግሞ እነሱን ይበላል። ከጠገበ በየሁለት በየሶስት ቀኑ ከጎኑ ትንሽ ሃይድራ ያበቅላል። የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ ሂተሩም አብሮ ይጠፋና ውሃው ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ጋፒው ይደነዝዛል፣ ለሃይድራ ግን ጥሩ ሙቀት ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንኳን የሚያረቡት በዚሁ ሙቀት ነው።

አሁን ወደ መፍትሄው። በመጀመሪያ አትጨፍልቁት፣ በምላጭም አትፋቁት! አብርሃም ትሬምብሌ የሚባል የጄኔቫ ሰው በ1740ዎቹ (በአውሮፓውያን) ሃይድራ ቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ ሃይድራ ሲሆን አይቷል፣ እናንተም ስትፍቁት የምታደርጉት ያንኑ ነው። የመዳብ መድኃኒትም አትጨምሩ፣ ሃይድራውን ይገድላል ግን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣም ይጨርሳል። ዓሳ ያለበት ውሃ ውስጥ በረኪና መጨመርማ ጭራሽ አይታሰብም።

ጥቂት ከሆኑ ለትላልቆቹ ዓሳዎች 3 ቀን ምግብ አቁሙ፣ ምንም አይሆኑም፣ ከዛ በቀን አንዴ በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ ስጡ። የታችኛውን ቆሻሻ በቀጭን ቱቦ ሳቡ፣ ሃይድራውንም አንድ በአንድ በሲሪንጅ ስባችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። በዚህ ብቻ እየመነመነ ይሄዳል፣ ግን ሳይበላ ሳምንታት መቆየት ስለሚችል ትዕግስት ይጠይቃል።

መስታወቱን ከሸፈነው ወይ ሊወለዱ የደረሱ ጫጩቶች ካሉ ፌንቤንዳዞል ነው መፍትሄው፣ ለከብትና ለበግ የሚሰጠው የትል መድኃኒት፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ። መጠኑ ለ40 ሊትር ውሃ 20 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ እና ይሄ ቁጥር የንጹህ መድኃኒቱ እንጂ የዱቄቱ ክብደት ስላልሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን በደንብ አንብቡ። ለምሳሌ 250 ሚሊግራም ያለው ፍሬ ከሆነ ደቁሳችሁ እኩል 12 ቦታ ብትከፍሉት አንዱ ክፍል ለ40 ሊትር ይሆናል። ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ለብ ባለ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ በኃይል በጥብጡትና አፍሱ፣ ፊልተሩ ውስጥ ካርቦን ካለ አስቀድማችሁ አውጡት። ከ2 ቀን በኋላ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ ካላለቁ አንዴ ድገሙት። የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ ውሃውን ስለሚያበላሽ የአየር ፓምፑ አይጥፋ። ዓሳና ሽሪምፕ ይችሉታል፣ ብዙ ዓይነት ቀንድ አውጣ ግን አይችልም፣ የምትወዱትን ቀድማችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አውጡ፣ ግን እሱም ላይ ሃይድራ ተጣብቆ እንዳይመለስ ቅርፊቱን እዩ።

ጎራሚ የሚባል ዓሳ ማስገባትም ይሰራል፣ ሰማያዊው ጎራሚ ሃይድራ ይበላል፣ ጫጩትም ይበላል፣ ስለዚህ ጫጩት ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ሁለተኛ እንዳይመጣ አዲስ ሳር በቀጥታ አታስገቡ። ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ 2 ደቂቃ ንከሩት፣ ከዛ የክሎሪን ሽታ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት። ለስላሳ ሳር በረኪናውን ስለማይችል ይቃጠላል፣ እሱን በጠራ ጠርሙስ ውስጥ ለብቻው ጥቂት ሳምንት አቆዩትና በየቀኑ በመብራት እዩት። መረቡን፣ ቱቦውንና ስፖንጁን የፈላ ውሃ አፍስሱባቸው፣ ሲቀዘቅዙ ነው ወደ ዓሳው የሚመለሱት። ከመድኃኒቱ በኋላ ደግሞ ቀንድ አውጣ ለመመለስ አትቸኩሉ፣ መድኃኒቱ አሸዋውና ፊልተሩ ውስጥ ስለሚቆይ ውሃውን ደጋግማችሁ ከቀየራችሁ በኋላ መጀመሪያ አንድ ብቻ አስገቡና አንድ ሳምንት እዩት፣ እየበላ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ሌሎቹን መልሱ።