ሁለት ስማርት ሰዓት ቀንና ሌሊት ሲፈራረቁ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ስማርት ሰዓት መያዝ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ቀን ቀን ትልቅ ስክሪን ያለውን፣ ሌሊት ደግሞ ቀለል ያለውን የሚያስር ሰው አንዱ ቻርጅ ሲደረግ ሌላው እጁ ላይ ነው፤ የልብ ምቱም እንቅልፉም ሳይቋረጥ ይመዘገብለታል። ለስራ አንድ፣ ለሩጫ ሌላ የሚይዝም አለ። ነገሩን የሚያበላሸው ሁለቱም ሰዓቶች ሁሉንም ነገር እንዲመዘግቡ መተው ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እርምጃውን የሚቆጥረው አንድ፣ እንቅልፉን የሚይዘው አንድ፣ ስፖርቱን የሚመዘግበው አንድ መሆን አለበት። ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ከታች ያሉት ችግሮች ተራ በተራ ይመጣሉ።

የሁለቱ እርምጃ ተደምሮ እንደሆነ ሳያጣሩ ቁጥሩን ማመን

አይፎን ላይ ያለው ሄልዝ አፕ በራሱ አይደምርም። ሁለቱም ሰዓቶች ለተመሳሳይ ጊዜ እርምጃ ቢልኩለት በቅደም ተከተል ዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ይወስዳል። ችግሩ ዝርዝሩን ማንም ከፍቶ አለማየቱ ነው፤ ስልኩ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል እርስዎ ከሚያምኑት ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል። ለማስተካከል ሄልዝ ውስጥ «ስቴፕስ»ን ይክፈቱ፣ ወደ ታች ወርደው «ዳታ ሶርስስ ኤንድ አክሰስ» ውስጥ ይግቡ፣ «ኤዲት» ይበሉና የሚፈልጉትን ሰዓት ጎትተው ከላይ ያስቀምጡ። ይህ ለእርምጃ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ለልብ ምትና ለሌሎቹም ለየብቻ መደረግ አለበት።

አንድሮይድ ላይ ይህን ስራ የሚሰራው ሄልዝ ኮኔክት ነው። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የምንጮች ቅደም ተከተልም በሴቲንጉ ውስጥ አለው።

ድርብ ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ክብደት መቀነሻ ወይም የውድድር አፕ ከሁለቱም ሰዓቶች አፕ በቀጥታ ያነብና ይደምራል። ወይም አንዱ አፕ ወደ ሄልዝ ይጽፋል፣ ሌላው ያንኑ አንብቦ የራሱ አስመስሎ መልሶ ይጽፋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ሁለቱን ሰዓቶች በግራና በቀኝ ያስሩ፣ በቃልዎ እየቆጠሩ 500 እርምጃ ይራመዱ፣ ሁለቱንም ሲንክ ያድርጉና (መረጃቸውን ወደ ስልኩ ያስተላልፉና) አፑ ላይ ስንት እርምጃ እንደተጨመረ ይዩ። 480 ወይም 520 ቢመጣ ጤነኛ ነው። ወደ 1000 ከተጠጋ የሆነ ቦታ ድምር አለ፤ ለአንደኛው ሰዓት አፕ የተሰጠውን የመጻፍ ፈቃድ ያጥፉ።

ስፖርትም እንዲሁ ነው። አንዱን ሩጫ ሁለቱም ሰዓት ላይ አስጀምረው ሁለቱም ስትራቫ ከሚባለው የስፖርት መመዝገቢያ አፕ ጋር ከተያያዙ ያው ሩጫ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ከሁለቱ የአንደኛውን ግንኙነት መቁረጥ በየጊዜው ከመሰረዝ ያድናል።

የአንዱን ሰዓት ቁጥር በሌላው መመዘን

ብዙ ሰው ያለምክንያት የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ማታ የሚያስረው ሰዓት የልብ ምት መዋዠቅን፣ ማለትም ኤችአርቪን፣ 38 ሚሊሰከንድ ይላል፤ የቀኑ ሰዓት ደግሞ 55። ሰውዬው አንደኛው ሰዓት ተበላሽቷል ወይም እኔ ታምሜያለሁ ብሎ ያስባል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። አፕል ዋች የሚያሳየው ኤስዲኤንኤን የሚባለውን ስሌት ነው፤ በአንድ ጊዜ ልኬት ውስጥ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ ይለካል። የጋርሚንና የፊትቢት ሰዓቶች ደግሞ አርኤምኤስኤስዲን ይጠቀማሉ፤ ይህ እያንዳንዱን ርቀት ከሚቀጥለው ጋር ነው የሚያነጻጽረው። የሚለካበትም ጊዜ ይለያያል፦ አንዱ ቀኑን በተበታተነ ሰዓት፣ ሌላው ሌሊቱን እንቅልፍ ላይ። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም አይነግርም። ሊታይ የሚገባው አንዱ ሰዓት ከራሱ ካለፉት ሳምንታት አንጻር የት እንዳለ ነው። ጋርሚን የእርስዎን መደበኛ ክልል ለማወቅ የሦስት ሳምንት ያህል የሌሊት መረጃ ይፈልጋል፤ አንዱን ሌሊት በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ሰዓት የሚያድር ሰው ክልሉ ሳይወጣለት ይከርማል።

የእረፍት የልብ ምትም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ጋርሚን በ24 ሰዓት ውስጥ ዝቅተኛውን የ30 ደቂቃ አማካይ ይወስዳል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ይገኛል። አፕል ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩባቸው የቀኑ ጊዜያት ነው የሚገምተው። በመካከላቸው የጥቂት ምት ልዩነት ቢኖር አይገርምም።

የእንቅልፍ ደረጃዎችን በተመለከተ ደግሞ በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ደረጃው የሚወሰነው ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች በአንጎል ሞገድ ነው፤ ሰዓት ግን ከእንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነስቶ ይገምታል። ስንት ሰዓት እንደተኙ በአብዛኛው ደህና ይናገራል፤ ጥልቅ እንቅልፍዎ 52 ደቂቃ ነበር ወይስ 90 በሚለው ላይ ግን ሁለት ሰዓቶች ቢጣሉ አስታራቂ የለም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና የሌላውን የእንቅልፍ ምዝገባ ከሴቲንግ ያጥፉት።

ሁለቱንም አንድ እጅ ላይ መደርደር

ከእጅ አንጓው አጥንት በላይ አንድ ጣት ያህል የሚሆነው ቦታ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ነው። ሁለተኛው ሲጨመር ወይ ወደ መዳፍ ወርዶ አጥንቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይ ወደ ክንድ ወጥቶ ይላላል። ከሰዓቱ ስር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ወደ ቆዳ ገብቶ ደሙ ሲመላለስ የሚመለሰውን ብርሃን ነው ሴንሰሩ የሚያነበው፤ ክፍተት ካለ የውጭ ብርሃን ይገባል፣ የልብ ምቱም ይዘላል። ሩጫ ላይ ልብዎ 150 ሲመታ ሰዓቱ የእርምጃዎን ምት ተከትሎ 175 የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው መላላት ነው።

ሌላም አለ። አንጓ ሲታጠፍ የላይኛው ሰዓት የታችኛውን ቁልፍ ይጫናል። አፕል ዋች ላይ የጎኑ ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሊጀምር ስለሚችል፣ ቀልድ አይደለም። ማወዳደር ከፈለጉ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ ያስሩ፤ ለልብ ምት ትክክለኛ ዳኛ ከፈለጉ ደግሞ ሦስተኛ ሰዓት ሳይሆን ደረት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው የሚያስፈልገው።

እጅ ሲቀይሩ ለሰዓቱ ይንገሩት። ግራ ነው ወይስ ቀኝ፣ የሚጽፉበት እጅ ነው ወይስ አይደለም የሚል ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ። የሚሰሩበት እጅ ላይ ያለ ሰዓት ሰሃን ሲታጠብም እርምጃ ሊቆጥር ይችላል።

ሳያመሳስሉ መቀያየር

ሰዓት የሚይዘው መረጃ ለዘላለም አይቀመጥም። አብዛኞቹ ፊትቢቶች የደቂቃ በደቂቃ ዝርዝሩን የሚይዙት ለ7 ቀን፣ የቀን ድምሩን ደግሞ ለ30 ቀን ነው። መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት የተረሳ ሰዓት ሲንክ ሲደረግ ዝርዝሩ ከፊሉ ጠፍቶ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ ከማውለቅዎ በፊት አፑን ከፍተው ሲንክ ያድርጉ፣ ከዚያ ሌላውን ያስሩ።

አፕል ዋች ከሆነ ዋች አፕ ውስጥ «ኦል ዋችስ» ገብተው «አውቶ ስዊች»ን ያብሩ፤ አንዱን አውልቀው ሌላውን ሲያስሩ ስልኩ ራሱ ይቀይራል። በአንድ ጊዜ የሚሰራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጋርሚን ላይ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች አሉና አይደባልቋቸው፦ «ፕራይመሪ ዌረብል» የዕለት ልኬቶች ቅድሚያ ከየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድ፣ «ፕራይመሪ ትሬኒንግ ዲቫይስ» ደግሞ የልምምድ ሁኔታ ስሌት ከየትኛው እንደሚወጣ ይወስናል። በሰዓቶቹ መካከል የልምምድ መረጃ የሚያመሳስለው «ፊዚዮ ትሩአፕ» ሁለቱም ላይ መብራት አለበት።

የወለቀውን ሰዓት ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት፤ እየተንቀጠቀጠ እርምጃ ሊቆጥር ይችላል። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው የተቀመጠ ሰዓትም መብራቱ ከእንጨቱ እየተመለሰ ያልነበረ የልብ ምት ሊያሳይ ይችላል፤ እንቅስቃሴ የለምና እንቅልፍ ነው ብሎም ሊመዘግብ ይችላል። ቦታው ቻርጀሩ ላይ ነው፣ ወይም ጠፍቶ መቀመጥ።

ቻርጅን በዘፈቀደ ማድረግ

ሁለት ሰዓት ያለው ሰው ትልቁ ጥቅሙ ቻርጅ ነው፤ ይህን ካልተጠቀመበት ሁለተኛው ሸክም ነው። የቀኑ ሰዓት ሌሊት፣ የሌሊቱ ሰዓት ቀን ይሞላ። አፕል ዋች ለእንቅልፍ ቢያንስ 30 ከመቶ ይዞ ቢተኛ ይመረጣል። ሌሊቱን ሙሉ የደም ኦክስጅን የሚለካ ሰዓት ባትሪ በፍጥነት ይጨርሳል፤ ምክንያት ከሌለዎት ያጥፉት፣ ቀይ መብራቱም ጨለማ ውስጥ አይረብሽዎትም።

አንዱ ቻርጀር ለሌላው ላይሆን ይችላል፣ በአንድ ኩባንያ ሰዓቶች መካከል እንኳ። የጉግል የመጀመሪያው ፒክስል ዋች ያለሽቦ ሲሞላ ሁለተኛው በብረት ንክኪ ነው። በንክኪ ለሚሞሉት ደግሞ ላብ ጠላት ነው፦ ጨው ያለበት እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ንክኪዎቹ እየተበሉ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ይይዛሉ። ሰዓቱን ከእጅዎ አውልቀው ወዲያው አይሰኩት፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከቆሸሸ በለስላሳ ብሩሽና በትንሽ አልኮል ያጽዱት።

ለወራት የማያስሩትን ሰዓት ባዶም ሙሉም አድርገው አያስቀምጡ። ግማሽ ያህል ሞልተው ያጥፉት፣ በየስድስት ወሩም መልሰው ግማሽ ያድርሱት። ከ35 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ቦታ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጭምር፣ ባትሪውን እስከመጨረሻው ያዳክመዋል።

አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ መቀበል

የሌሊቱ ሰዓት ከአላርም በስተቀር ምንም ባያሳውቅ ይሻላል። አላርሙም አንዱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ቻርጀር ላይ ያለው ሰዓት ከሌላ ክፍል ሲጮህ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል።

ቆዳን መርሳት

ቀኑን አንዱን፣ ሌሊቱን ሌላውን አንድ እጅ ላይ የሚያስር ሰው ቆዳው በ24 ሰዓት ውስጥ አየር የሚያገኘው ገላ ሲታጠብ ብቻ ነው። ከማሰሪያው ስር የሚወጣው ሽፍታ በአብዛኛው አለርጂ ሳይሆን የታፈነ ላብና ያልታጠበ ሳሙና ነው። ሌሊት እጅ ይቀይሩ፣ ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ ያላሉ፣ ከስፖርት በኋላ ሰዓቱንም አንጓውንም በውሃ አለቅልቀው ያድርቁ። የጨርቅ ማሰሪያ ለእንቅልፍ ይመቻል፣ ግን ላብ ይመጥጣል፤ ሳይደርቅ አይታሰር። ሽፍታው የማሰሪያውን ብረት ቅርጽ ይዞ ከወጣ ኒኬልን ይጠርጥሩ፤ እስኪድን ሁለቱንም ያውልቁ፣ ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው አንዱ ብቻ መሆኑ

የመውደቅ ማሳወቂያ (ሰው ሲወድቅ ለይቶ እርዳታ የሚጠራው) በአንዱ ሰዓት ላይ ስለበራ ሌላው ላይም በርቷል ማለት አይደለም። በየሰዓቱ ሴቲንግ ገብተው ያረጋግጡ። ሲም ያለው ሰዓት ካለስልክ ሊደውል ይችላል፤ ሲም የሌለው ግን ስልኩ አጠገቡ ከሌለ ወይም የሚያውቀው ዋይፋይ ካላገኘ ለማንም አይደርስም። ብቻዎን ለሩጫ ሲወጡ የቱን እንዳሰሩ ያስተውሉ፤ ሲም የሌለውን ከሆነ ስልክዎን ይያዙ።