የሎዥባንን ግጥም ወደ አማርኛ ስንተረጉም መስተጻምሮቹን እንዴት እንያዝ?

ሎዥባን እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመ ቡድን፣ ጄምስ ኩክ ብራውን በ1955 ከጀመረው ሎግላን ከተባለ ቋንቋ ተነሥቶ ያዘጋጀው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ሰዋስዉ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አወቃቀር ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ ስለተሠራ፣ ግጥሙን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዝቶ የሚፈተነው በስሞቹና በግሦቹ ሳይሆን በመስተጻምሮቹ ነው።

በመጀመሪያ በግጥሙ ውስጥ ያሉትን መስተጻምሮች ብቻ ለቅመው ያስምሩባቸው። መሠረታዊዎቹ በአራት አናባቢዎች ይለያሉ፤ «አ» ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ እውነት ነው ይላል፣ «ኤ» ሁለቱም እውነት ናቸው ይላል፣ «ኦ» ሁለቱም እውነት ወይም ሁለቱም ሐሰት ናቸው ይላል፣ «ኡ» ደግሞ ሁለተኛው ሆነም አልሆነ የመጀመሪያው እውነት ነው ይላል። ከአናባቢው በፊት የሚመጣው ድምፅ የተያያዘው ምን እንደሆነ ያመለክታል፤ ለምሳሌ «ጊሄ» የሚያያይዘው የአንድን ባለቤት ሁለት ድርጊቶች ሲሆን «ዤ» ሁለት ገላጮችን ያያይዛል። ቀድሞ የገባ «ና» የግራውን፣ ተከትሎ የመጣ «ናይ» የቀኙን ወገን ወደ አሉታ ይለውጣል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ለግጥም ሳይጨነቁ በዝርው አማርኛ ይጻፉ። «ሎ ሺፕኒ ሹ ቮፍሊ ጊሄ ሳንጋ» የሚለውን መስመር እንውሰድ። ወፍ ይበራል፣ ይዘምራልም ማለት ነው፤ ወፉ አንድ ይሁን ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ድርጊቱ ትናንት ይሁን ዛሬ መስመሩ አይናገርም፤ አማርኛው ግን አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን «በርራ ዘመረች» ብሎ መተርጎም ነው፤ እንዲህ ያለው አገላለጽ ለጆሯችን እጅግ የሚጥም ቢሆንም መብረሩን ያስቀድማል፣ «ጊሄ» ግን ቅደም ተከተል የለውም። ገጣሚው ቅደም ተከተል ቢፈልግ «ጊሄ ባ ቦ» ይል ነበር። ስለዚህ «ትበራለች፤ ትዘምራለችም» የሚለው ይበልጣል።

በ«ኡ» ላይ ግን አማርኛችን የታደለ ነው። «ሎ ሺፕኒ ሹ ሳንጋ ጊሁ ቮፍሊ» የሚለው «ብትበርም ባትበርም ትዘምራለች» ሆኖ ይመጣል፤ የሐረጎቹ ቦታ ቢለዋወጥም አመክንዮው ይጠበቃል፣ ምቱም ከራሱ ይገኛል። «ኦ» አንድ ቃል ስለሌለው በሁለት ሐረግ መክፈል ይሻላል፦ «ከዘመረች ትበራለች፤ ካልዘመረች አትበርም»። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሳንጋ ና ጊሃ ቮፍሊ» የሚለው (ቃል በቃል «አትዘምርም ወይም ትበራለች») «ከዘመረች ትበራለች» የሚለውን ብቻ ይይዛል፤ ባትዘምርም ልትበር ትችላለች። የእኛ «ከ...» በዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሐረግ በዝምታ ስለሚጨምር፣ ተርጓሚው «ባትዘምርም ትበር ይሆናል» የሚል ፍንጭ በሌላ መስመር ማኖር ሊኖርበት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ረቂቁን በአራቱ ሁኔታዎች ይፈትኑት፦ ሁለቱም እውነት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ብቻ፣ ሁለተኛው ብቻ፣ ሁለቱም ሐሰት ሲሆኑ። አማርኛው በአንዱም ሁኔታ ከሎዥባኑ የተለየ ፍርድ ከሰጠ መስመሩ እንደገና ይሠራ። ቤት መምቻ መፈለግ የሚገባው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተፈለገ ቤቱ አመክንዮውን ይጎትተዋል።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ተርጓሚ ይህ ሁሉ ጥብቅነት ደረቅ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሎዥባን አሻሚነትን ከግጥም አላባረረም፤ ያለ መስተጻምር ጎን ለጎን በሚቆሙ ቃላት ውስጥ አኑሮታል። «ሜልቢ ዤ ሽማሉ» ውብም ትንሽም መሆንን ብቻ ይናገራል፤ «ሜልቢ ሽማሉ» ግን ውበቱ ከትንሽነቱ ጋር ያለውን ዝምድና ለአንባቢ ይተወዋል፤ በትንሽነቱ ያማረ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሁለት ትርጉም ያለው የአማርኛ ቃል ካገኙ ቦታው እዚህ ነው፤ «ዤ» ባለበት መስመር ላይ አያስገቡት።

በመጨረሻም «ግን»ን ይመልከቱ። በሎዥባን አመክንዮ «ግን» ከ«እና» አይለይም፤ ተቃርኖውን የሚያሰማው «ኩሂ» የተባለ፣ ንግግሩ ከቀደመው ጋር ያለውን ዝምድና የሚጠቁም ቃል ነው። «ኩሂ» በሌለበት ቦታ «ግን» ብለው ከጻፉ፣ ገጣሚው ያላሰማውን ተቃርኖ በእርሱ አፍ አስገብተዋል።