ፖሎኔዝ እንዴት ይጨፈራል?

ፖሎኔዝ የተባለውን የፖላንድ ባህላዊ ጭፈራ የሚጨፍር ሰው መዝለልም መሽከርከርም አይጠበቅበትም፤ በሥርዓት መራመድ ከቻለ ይበቃዋል። በፖላንድ ገጠር የቆየ ስሙ «ሆድዞኒ» ሲሆን፣ ትርጉሙም «በእርምጃ የሚጨፈር» እንደ ማለት ነው። በመንደር ሠርግም በመኳንንት አዳራሽም ሲጨፈር የኖረው ይህ ጭፈራ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አቋቋሙ ቀላል ነው። ወንዱ በግራ፣ ሴቷ በቀኝ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እሱ ቀኝ እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ እሷ ግራ እጇን በላዩ ታሳርፋለች። ሌሎቹ ጥንዶች ከኋላቸው ይሰለፋሉ።

ሙዚቃው በሦስት ምት ስለሚሄድ በየምቱ አንድ እርምጃ ይረገጣል። በአንድና በሁለት ላይ እንደ ወትሮው ይራመዳሉ፤ በሦስት ላይ የቆሙበትን እግር ጉልበት ለስለስ አድርገው ሲያጥፉ፣ ሌላኛው እግር መሬቱን ታክኮ ወደ ፊት ይወጣል፤ ቀጣዩ «አንድ» የሚረገጠውም በዚሁ በወጣው እግር ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበቱን ከልክ በላይ ያጥፍና ሰልፉ ሁሉ የሚያነክስ ይመስላል። ስለዚህ ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ጮክ ብሎ እየቆጠሩ አዳራሹን ሁለት ሦስት ጊዜ መዞር ይመረጣል።

ከእርምጃው ይልቅ ልምምድ የሚጠይቀው የሰልፉ አካሄድ ነው። ጥንዶቹ አዳራሹን በመሃል አቋርጠው ጫፍ ሲደርሱ አንዱ ጥንድ ወደ ቀኝ፣ ተከታዩ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ዞረው ሲገናኙ አራት አራት፣ ከዚያም ስምንት ስምንት ሆነው ይመጣሉ። አለዚያም የፊተኞቹ የተያያዙ እጆቻቸውን ቅስት አድርገው ያነሡና ሌሎቹ በሥር ያልፋሉ። ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው ጥንድ ላይ በመሆኑ፣ ለመሪነት ከቆንጆ ጨፋሪ ይልቅ መንገዱን የማይረሳ ሰው ቢመረጥ ይሻላል።

ፖላንዶች ይህን በትምህርት ቤት ይማሩታል። የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች «ማቱራ» ለተባለው ፈተና መቶ ቀን ገደማ ሲቀራቸው «ስቱድኑፍካ» የሚሉትን ግብዣ ያደርጋሉ፤ ግብዣውም በፖሎኔዝ ይከፈታል። ሳምንታት ቀደም ብለው ይለማመዳሉ፣ ወላጆችም ሊያዩ ይመጣሉ። ለዚህ ቀን አብዝቶ የሚመረጠው ሙዚቃ ቮይቼህ ኪላር እ.ኤ.አ. በ1999 ለወጣው «ፓን ታዴዎሽ» ፊልም የደረሰው ነው፤ የፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ የሾፓን ፖሎኔዞች ግን ለፒያኖ ተጽፈው ለጆሮ የቀረቡ በመሆናቸው ለእግር አይመቹም።

ሙዚቃው ሊያበቃ ሲል ጥንዶቹ ፊት ለፊት ዞረው እጅ ይነሣሣሉ።