ጆሮው ለከበደ ዘመድ የድምፅ ማጉያ እንዴት ይሠራል?

የእማማ ጆሮ መክበዱ የገባን ቡና ላይ ዝም ማለት ሲጀምሩ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ያለው ቤታችን ከአቦል እስከ በረካ ወሬ አይቋረጥም። እሳቸው ግን ሲኒያቸውን ይዘው የሰዉን አፍ ያያሉ። ሰው ሲስቅ ቆይተው ይስቃሉ። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ያ የዘገየ ሳቅ አንጀቴን በላው።

የሠራሁላቸው ዕቃ ቀላል ነው፤ ማይክ፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና ሄድፎን። የመበየጃ ካውያ የለመደ እጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ካውያ ነክተው የማያውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ይዘው ወደ ሰፈርዎ ራዲዮ ጠጋኝ ይሂዱ፤ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ በፊት ግን ጆሯቸው ይታይ። አንዳንዴ ችግሩ ጆሮን የደፈነ ኩክ ብቻ ነው፤ ሐኪም ሲያወጣው ይገላገላሉ። በክብሪት እንጨት መቆርቆር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡርም ሊበሳ ይችላል። መስማት ያቆሙት በድንገት፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ጆሯቸው ፈሳሽና ሕመም ካለው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ይህ ዕቃ ለዚያ አይሆንም። በሐኪም ተለክቶ የሚሰጠውን የመስሚያ መሣሪያም አይተካም።

አንድሮይድ ስልክና ባለገመድ ኢርፎን ካለዎት ደግሞ የጉግልን ሳውንድ አምፕሊፋየር በነፃ አውርደው ይሞክሩ። ብሉቱዝ አይጠቀሙ፤ ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ይቀራል። እማማ ስልኩን አልወደዱትም። ስክሪኑን ሲነኩት ይጠፋባቸዋል። እሳቸው የፈለጉት የሚዞር አንድ ቁልፍ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ዋናው ኤልኤም386 የሚባለው ባለ 8 እግር አይሲ (ድምፅ የሚያጎላው ትንሽ ቺፕ) ነው። በ4 ቮልትም ስለሚሠራ አራት ትንንሽ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋዮች ይበቁታል። ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ የተውኩት ቶሎ ስለሚያልቅና እንደ ትንሹ በየሱቁ ስለማይገኝ ነው። ከዚያ ኤሌክትሬት የሚባለው ትንሽ ማይክ፤ ከአሮጌ ካሴት ቴፕ ሊነቀል ይችላል። ባለ 10 ኪሎ ኦም ቮልዩም፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሄድፎን መሰኪያ፣ ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን። ሬዚስተር፦ 10 ኪሎ ኦም፣ 100 ኦም እና 10 ኦም። ካፓሲተር፦ 0.1፣ 0.047፣ 10፣ 100 እና 220 ማይክሮፋራድ። አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ዙሪያውን በሽቦ መረብ የተሸፈነ የድምፅ ገመድም ያግኙ። መረቡ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ካልተገናኘ ገመዱ ከየመብራቱ እምምታ ይለቅማል።

አገጣጠሙ

አይሲውን ጎድጎድ ያለው ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን ያስቀምጡት። ግራ ላይኛው እግር 1 ነው። ወደ ታች እስከ 4 ይቆጠራል፤ ከዚያ በቀኝ ከታች ከ5 ተነስቶ ወደ ላይ እስከ 8። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ተገልብጦ የተበየደ አይሲ ይቃጠላል።

እግር 2 እና 4 ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይሄዳሉ። እግር 6 በማብሪያው በኩል ወደ ፖዘቲቭ። 100 ማይክሮፋራዱን ከአይሲው አጠገብ በፖዘቲቭና በኔጌቲቩ መካከል ያድርጉ። 10 ማይክሮፋራዱ ከእግር 7 ወደ ኔጌቲቭ ነው። እግር 1 እና 8 ባዶ ይቀመጡ፤ ያኔ አይሲው ድምፁን 20 እጥፍ ያጎላል።

የማይኩ ሁለት እግሮች እኩል አይደሉም። ከቆርቆሮ አካሉ ጋር የተያያዘው ኔጌቲቭ ነው፤ ከገመዱ መረብ ጋር ይበየዳል። ሌላው በ10 ኪሎ ኦሙ በኩል ከፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል። ከዚሁ እግር 0.1 ማይክሮፋራዱ ተነስቶ ወደ ቮልዩሙ አንድ ጫፍ ይሄዳል። የቮልዩሙ ሌላ ጫፍ ኔጌቲቭ ላይ፣ መካከለኛው ደግሞ የአይሲው እግር 3 ላይ።

መውጫው እግር 5 ነው። የ220ው ፖዘቲቭ ጎን እዚያ ይበየድ፣ ቀጥሎ 100 ኦሙ፣ ከዚያ መሰኪያው። የመሰኪያውን ግራና ቀኝ አንድ ላይ ያያይዙ፤ ሁለቱም ጆሮ እንዲሰማ። የመሰኪያው የጋራ እግር ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ከዚሁ ከእግር 5 ደግሞ 10 ኦሙና 0.047ቱ ተከታትለው ወደ ኔጌቲቭ ይውረዱ፤ አይሲው በራሱ እንዳይጮህ ይይዙታል።

100 ኦሙን «ድምፅ ይቀንሳል» ብሎ የሚያወጣ ጠጋኝ ካለ እሺ እንዳይሉት። የተቀመጠው ለዚያ ነው። በር ድንገት ሲላተም ወይም ሲኒ ሲወድቅ ጆሯቸውን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ማይኩ የት ይሁን?

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ማይኩን ከሳጥኑ ጋር አድርጌ እማማ ጉያ ውስጥ ከተትኩት። የሰሙት የነጠላቸውን ኮሽታ ነው። ዘወር ሲሉ ሄድፎኑ ወደ ማይኩ ቀረበና ጢው ብሎ ጮኸ። ደንግጠው አውልቀው ጣሉት። ሁለት ሳምንት እምቢ አሉ።

ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ አልነበረም። ማጉያ የሰውን ድምፅ ከዝናቡና ከቴሌቪዥኑ አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ያጎላል። የሚለየው ርቀት ነው። ማይኩ ለሚናገረው አፍ በቀረበ ቁጥር ንግግሩ ይጎላል፣ ሌላው ጫጫታ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ማይኩን በአንድ ሜትሩ ገመድ አወጣሁት። ባዶ የማርከር ቀፎ ውስጥ ከትቼ ጫፉን በስፖንጅ ሸፈንኩት። አሁን የሚያወራቸው ሰው ቀፎውን ከአፉ አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

በዕድሜ ጆሮ ሲከብድ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆናሉ። እማማ «ትሰማለህ፣ ግን አይገባህም» የሚሉት ይህንን ነው። 0.1 ማይክሮፋራዱን በ0.022 ስቀይረው ወፍራሙ ጉምጉምታ ቀነሰ፣ ቃላቱም ጠሩላቸው።

ሙከራ

መጀመሪያ ራስዎ ጆሮ ላይ ይሞክሩት። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፍተው አጠገቡ ያጨብጭቡ። እርስዎን ካሳመመ ለእሳቸውም አይሰጥም፤ 100 ኦሙን በ220 ይተኩት። ድምፁ ካነሰ ደግሞ ከእግር 1 ወደ 8 አንድ ሌላ 10 ማይክሮፋራድ ከ1.2 ኪሎ ኦም ጋር አከታትለው ያስገቡ፤ ጉላቱ 50 እጥፍ ይሆናል። ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ከመጣ ባትሪው ደክሟል፤ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ። በስልክ ቻርጀር ለማሠራት አይሞክሩ፤ እምምታ ያስገባል፣ ርካሹ ቻርጀር ደግሞ ጆሮ ላይ ላለ ዕቃ አይታመንም።

ለእሳቸው ሲያደርጉላቸው ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን። ቀስ ብለው ራሳቸው ይክፈቱት። የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እማማ ሁለተኛውን የሞከሩት ቡና እየተቆላ ነበር። ቮልዩሙን ትንሽ አዞሩ። ቀና ብለው ምጣዱን አዩ። «ይንጣጣል ለካ» አሉ። እህቴ እንደ ለመደችው ጮክ ብላ «ይሰማል እማማ?» ስትል እጃቸውን አነሱ። «አብሽሪ ልጄ፣ አትጩሂብኝ!»

ሳጥኑ አሁን ከሙስበሃቸው ጎን ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ማታ ማታ ማጥፋቱን የሚያስታውሱት ራሳቸው ናቸው።