ሚድዋይፈሪ ወይስ የህፃናት ነርሲንግ? ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት እንዴት እንደምትወስኑ

እኔ ሚድዋይፍ (አዋላጅ) ነኝ፣ ታናሽ እህቴ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ህፃናት ክፍል ነርስ ናት፣ ቤት ስንገናኝ የማን ስራ ይከብዳል እያልን ስንከራከር ቡናው በረካ ይደርሳል። ስለዚህ ወደ ራሴ ትንሽ ባዳላ ታገሱኝ። ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ለሚሞላም፣ ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ልመዝገብ ለሚልም ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።

1. «ህፃን ስለምወድ» የሚለውን ምክንያት ሰርዙት

ሁለቱም ጋ አይሰራም። ሚድዋይፍ ከህፃኑ ጋር ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ታደራርቁታላችሁ፣ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ አፕጋር (ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ ቀለሙን የመሳሰሉትን አይቶ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ) ትሰጣላችሁ፣ ካልተነፈሰ በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ትረዱታላችሁ፣ ደህና ከሆነ ወዲያው እናቱ ደረት ላይ ነው። ቀሪው ስራ በሙሉ ከሴቷ ጋር ነው፦ የእርግዝና ክትትል፣ ምጥ፣ ድህረ ወሊድ፣ የቤተሰብ እቅድ፣ ኢምፕላንት (ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ) ማስገባትና ማውጣት ምናምን። ህፃናት ክፍል ደግሞ ያለው የታመመ ህፃን ነው፣ ጋውን ሲያይ ገና ከበሩ ማልቀስ የሚጀምር። እህቴን የሰፈር ልጆች ሲያዩዋት ይሮጡላታል፣ ዋርድ ውስጥ ግን መርፌ ይዛ የምትመጣዋ ሴትዮ ናት በቃ።

2. ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን እንደሚወስን እዩ

ዋናው ይሄ ነው፣ ካታሎግ ላይ ግን አይጻፍም።

ሚድዋይፍ ሆናችሁ ገጠር ጤና ጣቢያ ከተመደባችሁ ሌሊት ላይ ብዙ ጊዜ ያላችሁት እናንተ፣ ፅዳቷና ጥበቃው ናችሁ። ምጥ ይዟት የመጣችውን እናት ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቻርት) ላይ እየመዘገባችሁ የማህፀን በር አከፋፈቱ ዘግይቶ አለርት ላይኑን (ቻርቱ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ መስመር) ሲያልፍ ሪፈር ልበል ወይስ ልጠብቅ የሚለውን የምትወስኑት እናንተው ናችሁ፣ ከቆላድባ ወይ ከአይከል አምቡላንስ ጠርቶ ጎንደር እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜም አስባችሁ ነው። ህፃኑ እንደወጣ ኦክሲቶሲን (ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርግ መድሃኒት) 10 ዩኒት ወግታችሁ፣ እንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ከዛ ደም አልቆም ካለ ማህፀን ማሸት፣ በደም ስር ፈሳሽ መክፈት፣ የሽንት ፊኛ ባዶ ማድረግ፣ እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን ማየት፣ ይሄ ሁሉ ዶክተር ተጠርቶ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ይሄን ነፃነት የሚወድ ሰው አለ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣውም አለ፣ ሁለቱም ጤነኛ ሰው ናቸው። ከየትኛው እንደሆናችሁ ግን ቀድማችሁ እወቁ።

ህፃናት ክፍል ትእዛዙን የሚጽፈው ሀኪሙ ነው፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለው ዶክተር) አለ፣ ሲኒየሩ በስልክ ይገኛል። ይቀላል ማለት ግን አይደለም፣ ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ሂሳቡ ላይ። ለምሳሌ 3 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ ነው) በኪሎ 5 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል፣ 15 ሚሊግራም ነው። አምፑሉ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ነው፣ ስለዚህ የምትስቡት 0.375 ሚሊሊትር። ነጥቧ አንዴ ከተንሸራተተች 3.75 ሆነ፣ ወደ ሁለት አምፑል ማለት ነው፣ ለኩላሊቱም ለጆሮውም አደጋ ነው። ሀኪሙ ራሱ ተሳስቶ ከጻፈም «ይሄ ዶዝ ልክ አይደለም» ብላችሁ መርፌውን ማስቀመጥ የናንተ ፋንታ ነው። እህቴ ለአታችመንት (ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ለሚመጡ) ተማሪዎች የምትሰጠው ምክር ይሄ ነው፦ አላርም ሞልታችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሱና እንደዚህ ያለ ስሌት በወረቀት ስሩ፣ ጠዋት አርሙት። የስልክ ካልኩሌተር ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዛ ካልኩሌተር፣ ከዛ ሌላ ነርስ ታይላችሁ። ካልኩሌተር ብቻ የሚያምን ሰው የተሳሳተ ቁጥር በትክክል ያባዛል።

3. ሀዘኑን አስቡት

ብዙ ሰው ማዋለጃ ክፍል ደስታ ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ አብዛኛው ቀን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ያልቃል፣ ሲበላሽ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚበላሸው። ህፃናት ክፍል ደግሞ ቀስ ይላል፣ አስታማሚዋ አልጋው ስር እያደረች ስሟን፣ ቤቷን፣ ሌሎቹን ልጆቿን ሁሉ ታውቃላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሀገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ በህይወት ከተወለዱ 1000 ህፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም ነበር፣ እና ይሄ ቁጥር ሁለቱንም ክፍሎች ይመለከታል፣ የጨቅላ ህፃናት ክፍሉን በተለይ።

ለወንዶች አንድ ነገር፦ ወንድ ሚድዋይፍ ሞልቷል፣ እኔም አለሁ። ገጠር ላይ «ሴት ካለች ሴት ትምጣልኝ» የምትል እናት ትገጥማችኋለች፣ መብቷ ነው፣ አትቀየሙ። ሴት ከሌለች ባሏን ወይ እናቷን አጠገቧ አስገብታችሁ፣ የምታደርጉትን ከማድረጋችሁ በፊት እየነገራችሁ ስሩ፣ አብዛኞቹ ይለሳለሳሉ።

4 እና 5. ሂዱና እዩ፣ ጠይቁ

ማዋለጃ ክፍል ዝም ብሎ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ግን አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ ጤና ጣቢያ በክትባት ቀን ሄዳችሁ ቁጭ በሉ፣ የሰራተኛውን ፊት እዩ። የምትጠይቁት ሌክቸረር ብቻ አይሁን፣ ከተመረቁ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ያዙ፣ የናይት ዱቲ ክፍያ በሰዓቱ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እነሱ አይሸፋፍኑም። ደም ትለምዱታላችሁ። ሽታ ግን ማንም አይነግራችሁም፣ የሽርት ውሃ ሽታና ጡት የሚጠቡ ህፃናት ላይ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ከጋውን ጋር ቤት ይመጣል።

6. ስራውን የት ነው የምትሰሩት?

የወረዳ ቅጥር ማስታወቂያዎችን ለጥቂት ወራት ተከታተሉ። ሚድዋይፍ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ላይ መደብ አለው፣ በህፃናት ነርስነት ለመስራት ግን በአብዛኛው ሆስፒታል ያስፈልጋችኋል፣ ያ ማለት ጎንደር ወይ ደባርቅ አይነት ከተማ። የትውልድ ቀበሌዬ አጠገብ ልስራ የሚል ሰው ይሄን ሳያይ ባይመርጥ ጥሩ ነው። መውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ፈተና ለሁለቱም አሉ፣ በዛ አትምረጡ።

7. ፎርሙን ሙሉ

ቀጥታ የህፃናት ነርሲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም፣ በዚህ ዓመት ይቀበል እንደሆነ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ የጓደኛ ወሬ አይበቃም። ህፃናት የሚፈልግ 1ኛ እሱን፣ 2ኛ ኮምፕሬሄንሲቭ (ጠቅላላ) ነርሲንግ ያድርግ፣ ከነርሲንግ ተነስቶ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ህፃናት መግባት ይቻላልና። ሚድዋይፈሪ የሚፈልግ ግን 1ኛ ላይ ያስቀምጠው፣ ነርሲንግ ገብቼ በኋላ እዞራለሁ ማለት እንደገና ከስር መጀመር ሊሆን ይችላል።