የማይጣመም የዋንዛ መክተፊያ

በደንብ የደረቀ ዋንዛ ምረጡ፤ እርጥብ ከሆነ ከተጣበቀ በኋላ ይሰነጠቃል። 42 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 5 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 3 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው 5 ቁራጮች ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ጫፋቸውን ተመልከቱ፦ የእድገት ቀለበቱ (ጫፉ ላይ እንደ ቅስት የሚታየው መስመር) በአንዱ ወደ ላይ፣ በቀጣዩ ወደ ታች የጎበጠ ይሁን። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከጎበጡ መክተፊያው እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል።

ጎኖቹን በመላጊያ አስተካክሉና ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙ፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ክፍተት ኮላ አይሞላውም። ውሃ የሚቋቋም ኮላ በስሱ ቀብታችሁ በሞርሳ እሰሩ። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ኮላው ተጨምቆ ያልቃል። አሳድሩት።

በ80፣ በ120፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካሻችሁ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሲደርቅ በውሃው የቆመውን የእንጨት ቃጫ በ220 ደግማችሁ እሹ። ይህ ከተዘለለ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሻክራል። ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ሁለቱንም ገጽ እኩል አጠጡ። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ይሸታል።